ቁጥርን እስከ ሥሩ የፈቱት ዓሊም፦ ከማሉዲን አል-ፋሪሲ

 

ለዛሬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ እንድትቀመጡ እጠይቃችኋለሁ። አትፍሩ፣ ፈተና አይደለም። ወረቀቱ ላይ 220 ብላችሁ ጻፉ። ከዚያም ራሱን 220ን ትታችሁ፣ ያለ ቀሪ የሚያካፍሉትን ቁጥሮች በሙሉ ፈልጉ። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ አብረዋችሁ ይሞክሩ።

ብዙ ሰው 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 10፣ 20 ብሎ በፍጥነት ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ 11 ትዝ ይለዋል፤ 110ም ይመጣለታል። 44 እና 55 ግን ብዙዎችን ያመልጣሉ። ሙሉ ዝርዝሩ ይኸውላችሁ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 10፣ 11፣ 20፣ 22፣ 44፣ 55 እና 110። አሥራ አንድ ናቸው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። አሥራ ሁለተኛ አካፋይ አለመኖሩን በምን አወቃችሁ? እኔ ስለነገርኳችሁ ነው? ወይስ ፈልጋችሁ ስላጣችሁት? ፈልጎ ማጣት ደግሞ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ቁልፉ የጠፋበት ሰው ቤቱን ሁለት ጊዜ ይፈትሽና የለም ይላል፤ ቁልፉ ግን ኪሱ ውስጥ ይገኛል።

የዛሬው ባለታሪካችን ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ የሰጡ ሰው ናቸው። አንድም አካፋይ እንዳያመልጥ ከየት መጀመር እንዳለብን አሳይተውናል።

ሙሉ ስማቸው ከማሉዲን አቡል ሐሰን ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አል-ፋሪሲ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። የተወለዱት በ1267 አካባቢ ነው (ዓመታቱን የምጽፍላችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዘመኑን አስቡት። ባግዳድ በሞንጎሎች እጅ የወደቀችው በ1258 ነበር፤ እሳቸው ከመወለዳቸው ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ። ኸሊፋው ተገድለዋል፤ ስንትና ስንት ኪታብ ጠፍቷል። በዚያ ዘመን የተወለደን ልጅ ስለ ትምህርት ተስፋው ብትጠይቁት ምን ይላችሁ ይመስላችኋል?

ነገር ግን ዒልም አልተቋረጠም። ከባግዳድ ውድቀት አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1259፣ ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ በመራጋ ከተማ ትልቅ የከዋክብት መመልከቻ ማሠራት ጀመሩ። ዙሪያቸውን ሊቃውንት ሰበሰቡ። እዚያ ከተማሩት አንዱ ቁጥቡዲን አሽ-ሺራዚ ነበሩ፤ ሐኪምም፣ የከዋክብት ሊቅም። የእኛ ባለታሪክ ከማሉዲን ደግሞ የእኚህ የሺራዚ ደረሳ ሆኑ። ከጡሲ ወደ ሺራዚ፣ ከሺራዚ ወደ ፋሪሲ፤ መብራቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

ከመምህርና ከደረሳ ግንኙነታቸው አንዱን ልንገራችሁ። ወጣቱ ከማሉዲን ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ወይም ወደ መስታወት ሲገባ እንዴት እንደሚታጠፍ ያጠና ነበር። ዱላ ውኃ ውስጥ ስትከቱ የተሰበረ መስሎ ይታያችኋል አይደል? የዚያን ነገር ምክንያት ነው የሚፈልገው። በታላላቅ ሰዎች መጻሕፍት ውስጥ ያገኘው ማብራሪያ ግን አላረካውም፤ ስህተት ያለበት መሰለው። ወደ መምህሩ ሄዶ ጠየቀ።

መምህሩ እንዴት የታላላቆችን ቃል ትጠራጠራለህ ብለው አላባረሩትም። የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆነውም አልመለሱለትም። በወጣትነታቸው በፋርስ ምድር በአንድ ቤተ መጻሕፍት ያዩት የኢብኑል ሀይሠም ኪታብ ትዝ አላቸው፤ ስለ ብርሃንና ስለ ዕይታ የተጻፈው ትልቁ ሥራ፣ ኪታቡል መናዚር። ከሩቅ አገር አስፈልገው አስመጡና ለደረሳቸው ሰጡት። ከማሉዲንም ኪታቡን በጥልቀት መርምረው፣ የጎደለውን ሞልተው፣ የተሳሳተ የመሰላቸውን አርመው፣ ተንቂሑል መናዚር የተባለውን ሰፊ ሥራቸውን ጻፉ።

በዚህ ኪታብ ውስጥ ስለ ቀስተ ደመና የሠሩት ሥራ ስማቸውን አኑሮታል። ኢብኑል ሀይሠም ቀስተ ደመናን ሲያብራሩ ደመናውን በጠቅላላ እንደ አንድ ጎድጓዳ መስታወት ቆጥረውት ነበር፤ አልተሳካላቸውም። ከማሉዲን ሌላ መንገድ ያዙ። ደመናውን ትተው አንዲት የውኃ ጠብታ ያዙ። ጠብታዋ ግን በጣም ትንሽ ናት፤ እንዴት ትመረመራለች? ክብ የመስታወት ዕቃ በውኃ ሞልተው ትልቅ ጠብታ ሠሩ። በጨለማ ክፍል አስቀምጠው ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ አስገቡበት፤ ከዚያም ተመለከቱ። ብርሃኑ ሲገባ ይታጠፋል፣ ከውስጠኛው ግድግዳ አንድ ጊዜ ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ ሲወጣም እንደገና ይታጠፋል፤ ዋናው ቀስተ ደመና ይህ ነው። ከላዩ አልፎ አልፎ የምናየው ደብዘዝ ያለው ሁለተኛው ቀስት ደግሞ ውስጥ ሁለት ጊዜ በመንጸባረቅ የሚፈጠር ነው። በሚገርም ሁኔታ በዚያው ዘመን ገደማ በጀርመን አገር ዲትሪኽ የተባለ የፍራይበርግ መነኩሴ፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳይሰማ፣ እዚያው መልስ ላይ ደርሷል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙልኝ። ደመናውን ለመረዳት ወደ አንዲት ጠብታ ወረዱ። አሁን ወደ ቁጥሮቻችን እንመለስና በቁጥር ላይ ይህንኑ ሲያደርጉ እናያቸዋለን።

ቅድም ያገኘናቸውን የ220 አሥራ አንድ አካፋዮች ደምሯቸው። 284 ይሆናሉ። አሁን ደግሞ ራሱን ትታችሁ የ284ን አካፋዮች ፈልጉ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 71 እና 142። ደምሯቸው። 220! አንዱ በሌላው ክፍልፋዮች ውስጥ ይገኛል። የጥንት ሰዎች በዚህ ተደንቀው ቁጥሮቹን ወዳጆች አሏቸው፤ በዐረብኛ ሙተሓባን ይባላሉ፣ እርስ በርስ የሚዋደዱ ማለት ነው።

እንዲህ ያሉ ጥንዶችን ለማግኘት የመጀመሪያውን ሕግ የሰጡት ሣቢት ኢብኑ ቁርራ ናቸው። ከሐርራን ከተማ የመጡ፣ በባግዳድ የሠሩና በ901 ያረፉ ሊቅ ናቸው። ሙስሊም አልነበሩም፣ ሳቢእ ነበሩ። የኛ ዓሊሞች ግን ዒልማቸውን ተቀበሉ፤ ስማቸውንም ሳይደብቁ ሕጉ የሣቢት ነው ብለው አስተላለፉ። ይህም በራሱ አማና ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። 3ን በእጥፍ እየጨመራችሁ ሂዱ፦ 6፣ 12፣ 24፣ 48። ተከታታይ የሆኑ ሁለቱን ያዙ፤ ለምሳሌ 6 እና 12ን። ከእያንዳንዳቸው 1 ቀንሱ፦ 5 እና 11። ሁለቱን ደግሞ አባዝታችሁ 1 ቀንሱ፦ 72 ሲቀነስ 1፣ 71። እነዚህ ሦስቱ፣ ማለትም 5፣ 11 እና 71፣ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ምንም የማያካፍላቸው ከሆኑ ጥንዱ ተገኝቷል። 12 ለ3 ሲካፈል 4 ነው፤ ስለዚህ 4 × 5 × 11 አንዱ ወዳጅ፣ 4 × 71 ሌላው ወዳጅ ይሆናል። አስሉት፤ 220 እና 284 ነው።

ከማሉዲን አል-ፋሪሲ ይህን የሣቢትን ሕግ በአዲስ መንገድ ለማረጋገጥ አንድ ድርሳን ጻፉ። ርዕሱ ተዝኪረቱል አሕባብ ፊ በያኒት ተሓብ ይባላል፤ ስለ መዋደድ ማብራሪያ፣ ለወዳጆች የተጻፈ ማስታወሻ እንደማለት ነው። ስለሚዋደዱ ቁጥሮች ሲጽፉ ለሚወዷቸው ሰዎች አበረከቱት።

ሕጉን ለማረጋገጥ ግን አንድ ነገር ያስፈልግ ነበር። የአንድን ቁጥር አካፋዮች ለመደመር አንድም ሳይቀር ሁሉንም ማወቅ አለባችሁ። አንድ ካመለጠ ድምሩ ውሸት ነው። ስለዚህ የመነሻችን ጥያቄ መጣ፤ ሁሉንም ማግኘታችንን በምን እናውቃለን?

መልሳቸው፦ መጀመሪያ ቁጥሩን ከዚህ በላይ ሊከፈሉ ወደማይችሉ ቁጥሮች በትኑት የሚል ነው። እነዚህን በትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥሮች ብለን ተምረናቸዋል፤ ፕራይም የሚባሉት ናቸው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። 220ን በትኑት። 220 ማለት 2 × 110 ነው። 110 ደግሞ 2 × 55 ነው። 55ም 5 × 11 ነው። እዚህ ላይ ይቆማል። 220 እንግዲህ 2 × 2 × 5 × 11 ነው።

ከማሉዲን ማንኛውም ሊከፈል የሚችል ቁጥር፣ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ በተወሰነ እርምጃ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት እንደሚበተን አረጋገጡ። ምክንያቱ ለልጅ እንኳ የሚገባ ነው። በከፈላችሁት ቁጥር ክፍሎቹ ያንሳሉ፤ ሙሉ ቁጥር ደግሞ ያለ ማቋረጥ እያነሰ መሄድ አይችልም። አንድ ቦታ መቆም ግድ ነው። ከእሳቸው ከ1,500 ዓመት በላይ ቀድሞ ዩክሊድ እያንዳንዱን እንዲህ ያለ ቁጥር የሚያካፍል ቢያንስ አንድ ብቸኛ ቁጥር እንዳለ አሳይቶ ነበር። እሳቸው ብተናውን እስከ መጨረሻው ወሰዱት። በየትም መንገድ ብትበትኑት መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንደሆነ የሚያሳየውን ማረጋገጫ ደግሞ ጋውስ በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ በግልጽ አስቀመጠው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሱ። እያንዳንዱ የ220 አካፋይ የሚሠራው ከእነዚሁ ጡቦች ነው። ከ2 ምንም ላለመውሰድ፣ አንድ ለመውሰድ ወይም ሁለቱንም ለመውሰድ ሦስት ምርጫ አላችሁ። 5ን ለመውሰድ ወይም ለመተው ሁለት ምርጫ። 11ንም እንደዚሁ ሁለት። 3 × 2 × 2 አሥራ ሁለት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ራሱ 220 ነው፤ እሱን ስታወጡት አሥራ አንድ ይቀራል። አሥራ ሁለተኛ እንደሌለ አሁን መማል ትችላላችሁ። ፈልጋችሁ ስላጣችሁ አይደለም፤ ከሥሩ ስላወቃችሁት ነው። ከማሉዲን ምርጫዎችን የመቁጠርን ዘዴ ከቁጥሮች ብተና ጋር ያገናኙት በዚህ መንገድ ነበር።

መዋደዱም ምስጢሩን ይገልጣል። የ220ን አካፋዮች በሙሉ፣ ራሱንም ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ሳትደምሩ ታገኛላችሁ፦ (1 + 2 + 4) × (1 + 5) × (1 + 11)፣ ማለትም 7 × 6 × 12፣ 504። የ284ም፣ 2 × 2 × 71 ስለሆነ፣ (1 + 2 + 4) × (1 + 71)፣ ማለትም 7 × 72፣ እሱም 504። ከ504 ላይ 220 ስትቀንሱ 284፣ 284 ስትቀንሱ 220 ይመጣል። ሣቢት 6 እና 12ን አባዝቶ 72 የወሰደው ለዚህ ነበር።

አሁን ልባችሁን ስጡኝ። የዛሬው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ሕጉን በሚቀጥለው ጥንድ ላይ ሞክሩት፤ 12 እና 24። አንድ አንድ ስትቀንሱ 11 እና 23፤ ሁለቱም ብቸኛ ናቸው። 12 × 24 ሲቀነስ 1፣ 287 ነው። 287ን እዩት። ጎዶሎ ነው፤ በ3 አይካፈል፣ በ5 አይካፈል። ብቸኛ ቁጥር ይመስላል። የቸኮለ ሰው ብቸኛ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ 24 ለ3 ሲካፈል 8 ስለሆነ፣ 8 × 11 × 23 ብሎ 2024ን፣ 8 × 287 ብሎ 2296ን ያገኛል። ልፈትሽ ቢል የ2024 አካፋዮች፣ ራሱ ሳይቆጠር፣ ሲደመሩ በትክክል 2296 ይሆኑለታል። ደስ ይለዋል። 287ን ብቸኛ አድርጎ ሌላውንም ሲያሰላ 2024 ይመጣለታል። ሒሳቡ ሁሉ የተስተካከለ ይመስላል።

ግን 287 ማለት 7 × 41 ነው። ይህን አንድ ነገር ስላልፈተሸ 7ን፣ 41ን፣ የእነሱንም ብዜቶች ረስቷል። የ2296 አካፋዮች እውነተኛ ድምር 2744 ነው፤ ከ2024 በ720 ይበልጣል። 2024 ወደ 2296 ይሄዳል፤ 2296 ግን አይመለስለትም። ሥር ላይ ያለች ትንሽ ስህተት ላይ ላዩን ሲያዩዋት ትክክል መስላ ትታያለች። መድኃኒቱ ወርዶ መፈተሽ ብቻ ነው።

ቀጣዩን ጥንድ 24 እና 48ን ያዙ። 23 እና 47 ብቸኛ ናቸው። 24 × 48 ሲቀነስ 1፣ 1151 ነው። ከ287ቱ ተምራችኋልና አሁን አትቸኩሉም። 34 በ34 ሲባዛ 1156 ስለሆነ ከ34 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31። አሥራ አንድ ሙከራ። አንዱም አያካፍለውም። 1151 እውነትም ብቸኛ ነው። 48 ለ3 ሲካፈል 16 ስለሆነ፣ 16 × 23 × 47 17296 ይሆናል፤ 16 × 1151 ደግሞ 18416። ይህ ጥንድ በከማሉዲን ኪታብ ውስጥ አለ። በአውሮፓ ፈረንሳዊው ፈርማ ይህንኑ ጥንድ በ1636 ያገኘው ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜም በእሱ ስም ሲጠራ ኖሯል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችን፣ አያችሁ፣ እኛ ቀድመናል ለማለት እንቸኩላለን። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቃችሁ። የሞቱ ዓሊሞቻችንን ስም በኩራት የምንጠራ ስንቶቻችን ነን ልጆቻችን ሒሳብ ሲፈሩ አጠገባቸው የምንቀመጥ? ከዚያም ይልቅ የሚከብደው፣ ስንቶቻችን ነን የወራሾችን ሐቅ በትክክል የምናሰላ?

አዎ፣ ይህ ሒሳብ ቤታችን ውስጥ ነው ያለው። ፈራኢድ የተማረ ደረሳ ያውቀዋል። የፈራኢድ ዓሊሞች ሁለት ቁጥሮችን ሲያገናኙ አራት ነገር ይጠይቃሉ። እኩል ናቸው? ተማሡል ነው። ትንሹ ትልቁን ያለ ቀሪ ያካፍላል? ተዳኹል ነው። የጋራ አካፋይ አላቸው? ተዋፉቅ ነው። ከ1 በቀር የሚያገናኛቸው የለም? ተባዩን ነው። አካፋይ ማግኘት ማለት ይኸው ነው፤ የሙት ንብረት ከመከፋፈሉ በፊት የሚሠራ ሥራ።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ሚስቱን፣ እናቱን፣ ሁለት ወንዶች ልጆችንና አንዲት ሴት ልጅን ትቶ ሞተ እንበል። ዕዳውና ኑዛዜው ከተነሣ በኋላ ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ እናት አንድ ስድስተኛ አላቸው፤ የቀረው የልጆቹ ነው፣ ለወንዱ የሴቷ ሁለት እጥፍ። 8 ማለት 2 × 2 × 2፣ 6 ማለት 2 × 3 ነው። በ2 ይገናኛሉ፤ ተዋፉቅ ነው። ስለዚህ 48 ድረስ መሄድ ሳያስፈልግ 24 ይበቃል። ለሚስት 3፣ ለእናት 4፣ ለልጆች 17 ይሆናል። ልጆቹ በአምስት ድርሻ ይቆጠራሉ፤ ለወንዶቹ ሁለት ሁለት፣ ለሴቷ አንድ። 17 ግን ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ5 ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ተባዩን ነው። ስለዚህ 24ን በ5 እናባዛለን፤ 120። ለሚስት 15፣ ለእናት 20፣ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ 34፣ ለሴት ልጅ 17።

ንብረቱ 1,200,000 ብር ነው እንበል። እያንዳንዱ ድርሻ 10,000 ብር ነው። ሚስት 150,000፣ እናት 200,000፣ ወንዶቹ እያንዳንዳቸው 340,000፣ ሴት ልጅ 170,000 ብር። አሁን በሽምግልና ተቀምጦ፣ አሥራ ሰባትና አምስት አልገጥም ሲለው፣ ለልጅቷ በግምት አንድ አሥረኛ እንስጣት የሚል ሰው ይታያችሁ። 120,000 ብር ደረሳት ማለት ነው። 50,000 ብሯ የት ገባ? ማንም ሰረቀ አይባልም፤ ማንም ክፉ አልተናገረም። ሒሳብ ማስላት የሰለቸው ሰው ብቻ ነው የነበረው። የየቲም ሐቅ ግን በግምት ሲታለፍ ሐቅነቱ አይቀርም። ለዚህ ነው 17ን እንደ 287 በዓይን ግምት ማለፍ የማይቻለው። የራሳችሁ ጉዳይ ሲገጥማችሁም ወራሾቻችሁን በሙሉ ቆጥራችሁ ፈራኢድ የሚያውቅ ዓሊም ጠይቁ፤ አንድ ወራሽ ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ሁሉም ይለወጣልና።

ከማሉዲን አል-ፋሪሲ በ1319 በተብሪዝ አረፉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ብዙም አላለፈም። መምህራቸው ሺራዚ ከስምንት ዓመት በፊት፣ በ1311፣ በዚያችው ከተማ ቀድመዋቸው ሄደው ነበር። ከማሉዲን በሒሳብ ላይ የባግዳዱን የኢብኑል ኸዋምን ኪታብ ያብራሩበት አሳሱል ቀዋዒድ የተባለ ሥራም ትተዋል። ለወዳጆቻቸው የጻፏት ትንሿ የቁጥር ድርሳን ግን በእጅ ጽሑፍ ተቀምጣ ለብዙ ዘመን የዓለም ሊቃውንት ሳያውቋት ቆየች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ተወላጅ የሆኑት የሳይንስ ታሪክ ሊቅ ሩሽዲ ራሺድ አሳትመው ይፋ አወጧት። ከሞቱ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ በኋላ ሥራቸው ተነበበ። በሥራችሁ የሚያመሰግናችሁ ሰው ስታጡ ይህን አስታውሱ።

ቀስተ ደመናው ላይ ወደ አንዲት ጠብታ ወረዱ። ቁጥሩ ላይ ወደማይከፈለው ሥር ወረዱ። ሁለቱም ቦታ ላይ ላዩን አይቶ መፍረድ ይቻል ነበር፤ እሳቸው አላደረጉትም። እኛም ሰው ሲከሰስ በሰማን ጊዜ፣ ወሬ ለማስተላለፍ ጣታችን ስልኩ ላይ ባለ ጊዜ፣ የሥራ ሒሳብ ስንዘጋ፣ ውርስ ስናካፍል፣ 287ን እናስታውስ። ትክክል ይመስላል ማለትና ትክክል ነው ማለት ይለያያሉ።

ከመለያየታችን በፊት ለልጆች አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። 1184 ማለት 2 × 2 × 2 × 2 × 2 × 37 ነው። 1210 ደግሞ 2 × 5 × 11 × 11። የሁለቱን አካፋዮች ፈልጉና ደምሩ፤ ምን ታገኛላችሁ? ይህን ጥንድ የሣቢት ሕግ አያወጣውም። ታላላቆቹም ሁሉ አልፈውት ነበር። ያገኘው በ1866 ፓጋኒኒ የተባለ የ16 ዓመት ጣሊያናዊ ልጅ ነው። እንግዲህ ዕድሜያችሁ ትንሽ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ለእናንተም የተረፈ አለ።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን፤ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን። ከማሉዲንንና መምህሮቻቸውን ይዘንላቸው። የማንንም ሐቅ በግምት ከማለፍ ይጠብቀን። አሚን።

መልካም ጁሙዓ!